የጎማ አንድ ኪሎ ስንት ኪሎ ይሆናል?

የጭቃ ሞተር ሳይክል ጎማና የመንኮራኩሩ ክፍሎች ክብደት ሲነጻጸር

ከአስፋልት ውጭ በጭቃ፣ በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚነዱ ሞተር ሳይክሎችን በሚያዘወትሩ ሰዎች ዘንድ አንድ የተለመደ አባባል አለ። «ከጎማው ላይ አንድ ኪሎ ብትቀንስ ከሻንሲው ላይ አራት ኪሎ እንደ ቀነስህ ቁጠረው» ይባላል። አንዳንዱም አራቱን ወደ አሥር ከፍ ያደርገዋል። ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል እንጂ ሲሰላ አይታይም። አባባሉ እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ ለየትኛው ጥያቄ ነው መልስ የሚሆነው? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በሚዛን፣ በማስመሪያና በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብቻ ለመመርመር እንሞክራለን።

ነገሩ የእሽቅድምድም ሰዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአገራችን የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛው እንደ ሆንዳ ኤክስኤል 125 እና ያማሃ ዲቲ 125 ያሉ፣ ከመሬት ከፍ ያሉ ሞተር ሳይክሎችን እየነዱ መኪና ከማይደርስበት ሲደርሱ ኖረዋል። ወደ ቆላ ሲወረድ የግራር እሾህ አለ፤ ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ስለት ያለው ድንጋይ ይጠብቃል። ጎሚስታው «ወፍራሙን ካላማዳሪ ላግባልህ» ሲል፣ ከጎን የቆመው «ተው፣ ይከብድሃል» ይላል። ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኖ የወጣ ሰው ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ጎማው ቢተነፍስ የሚበላሸው ጉዞው ብቻ አይደለም። ስለዚህ «ይከብዳል» የተባለው ነገር በቁጥር ስንት እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

በቅድሚያ በቃላት እንስማማ። መንኮራኩር የምንለው ሙሉውን አካል ነው። በመሃሉ ኩሽኔታ የሚገባበት ሞዞ አለ፤ ከሞዞው ራጂዎች ተነሥተው ቸርኬውን ይወጥሩታል፤ በቸርኬው ላይ ጎማው ይቀመጣል፤ በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ካላማዳሪ አለ። በኋለኛው መንኮራኩር ላይ ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ኮሮና ይጨመራል፤ በሁለቱም ላይ የፍሬን ዲስክ ወይም ከበሮ ይኖራል። «ክብደት» ስንል ደግሞ በኪሎ ግራም የሚለካውን መጠነ ቁስ ማለታችን ነው። በክፍል ውስጥ ሁለቱን የሚያቀላቅል ተማሪ ነጥብ እንደሚቀነስበት እናውቃለን፤ ነገር ግን ከጎሚስታ ጋር እየተነጋገርን ስለሆነ የፊዚክስ መምህራን ለዛሬ ይታገሡን።

በሚዛን ላይ

የጭቃ ሞተር ሳይክል የፊት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 21 ኢንች ነው፤ የኋላው ለሞቶክሮስ ውድድር ባለ 19፣ ለረጅም የገጠር ጉዞ ደግሞ ባለ 18 ኢንች ይሆናል። በጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ 80/100-21 ተብሎ ቢጻፍ፣ 80 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 100 ቁመቱ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ 21 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። ተማሪዎች በዚህ ብቻ ጥሩ ስሌት ሊሠሩ ይችላሉ። 110/90-19 የተባለውን የኋላ ጎማ እንውሰድ። 19 ኢንች 482.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላይና ከታች 99፣ 99 ሚሊ ሜትር ጎማ ሲጨመርበት 680.6 ይሆናል። 110/100-18 የተባለው ደግሞ 457.2 ሲደመር 220፣ ማለትም 677.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ በቸርኬ ቢለያዩም በውጭ ዲያሜትራቸው ያላቸው ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። በባለ 18ቱ ላይ ከቸርኬው የተቀነሰው ቁመት በላስቲክ ተተክቷል ማለት ነው። ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው እንዳይጎብጥ የሚከላከለው ይኸው ተጨማሪ የጎማ ቁመት ነው። ለዚህም ነው ድንጋያማ መንገድ የሚጓዙት ባለ 18ቱን የሚመርጡት።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። እንደየሥሪቱ የሚለያይ ቢሆንም፣ የጭቃ ሞተር ሳይክል የፊት ጎማ ወደ 4 ኪሎ፣ የኋላው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል። የካላማዳሪውን ክብደት ግን ሳንመዝን ልናሰላው እንችላለን። ካላማዳሪ የተጠቀለለ ቱቦ ነው። ለኋላ ጎማ የሚሆን ቱቦ ከመሃል እስከ መሃል ያለው የክቡ ራዲየስ 28 ሳንቲ ሜትር፣ የቱቦው የራሱ ራዲየስ 4 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የክቡ ዙሪያ 176 ሳንቲ ሜትር፣ የቱቦው ዙሪያ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ሲባዙ የላስቲኩ ስፋት 4,400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ላስቲኩ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይዘቱ 660 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው፤ የላስቲክን እፍግታ 1.1 ግራም በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ብንይዝ 730 ግራም ያህል ይመዝናል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካላማዳሪ ግን በዚሁ ስሌት 1 ኪሎ ከ940 ግራም ይሆናል። ልዩነቱ 1.2 ኪሎ ነው። ጎሚስታውና ባልንጀራው የሚከራከሩበት ቁጥር ይህ ነው።

ለራጂዎቹም እንዲሁ። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 18 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ራጂ ይዘቱ 2.26 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው። የብረት እፍግታ 7.8 ስለሆነ አንዱ ራጂ 17.6 ግራም፣ 36ቱ ደግሞ 635 ግራም ይመዝናሉ። ከቲታኒየም ቢሠሩ፣ እፍግታው 4.5 ነውና፣ 366 ግራም ይሆኑ ነበር። የኋላ ኮሮና ከብረት ሲሠራ 1 ኪሎ ገደማ፣ ከአሉሚኒየም ሲሠራ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። የአሉሚኒየም እፍግታ 2.7 ብቻ ሆኖ ሳለ ክብደቱ ወደ ሲሶ ያልወረደው አሉሚኒየሙ ጥንካሬ እንዲኖረው ወፈር ተደርጎ ስለሚሠራ ነው። ይህ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነጥብ ነው፤ ቁሱ ሲለወጥ ቅርጹም ይለወጣል፤ በእፍግታ ብቻ ማካፈል አይበቃም።

በመንገድ ላይ

ሚዛኑ ሁሉንም ክፍል እኩል ያያል። ግማሽ ኪሎ ከሞዞው ላይ ቢቀነስም ከጎማው ጥርስ ላይ ቢቀነስም ለሚዛኑ ያው ግማሽ ኪሎ ነው። መንገዱ ግን እኩል አያይም። ሻንሲው ላይ የታሰረ አንድ ኪሎ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ የጎማው ኪሎ ግን ወደ ፊትም ይሄዳል፣ ይዞራልም። ሞተሩ ለሁለቱም እንቅስቃሴ ኢነርጂ መክፈል አለበት።

ስንት ይከፍላል? መንኮራኩሩ ሳይንሸራተት ሲንከባለል፣ ከውጭ ጫፉ ላይ ያለ ነጥብ በዘንጉ ዙሪያ የሚሮጥበት ፍጥነት ሞተር ሳይክሉ ከሚሄድበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ሞተር ሳይክሉ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ የጎማው ጥርስም በዘንጉ ዙሪያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይዞራል። ስለዚህ በውጭ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ወደ ፊት ለመሄድ ግማሽ መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ፣ ለመዞርም ያንኑ ያህል ይፈልጋል። ድምሩ እጥፍ ነው። ወደ መሃል የቀረበ ክፍል ግን በቀስታ ይዞራል። አንድ ክፍል ከዘንጉ ያለውን ርቀት «ር»፣ የጎማውን የውጭ ራዲየስ «ው» ብንል፣ የዚያ ክፍል አንድ ኪሎ በመንገድ ላይ የሚቆጠረው

1 + (ር ÷ ው)²

ኪሎ ሆኖ ነው። «ር» ከ«ው» ሊበልጥ ስለማይችል ይህ ቁጥር ከ2 አያልፍም። አራትም አይሆንም፤ አሥርማ ከየት መጥቶ!

አንዳንድ ተማሪዎች «በአንደኛ ማርሽ ሲሆንስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ክፍሎች በአንደኛ ማርሽ ከመንኮራኩሩ ይልቅ እጅግ ፈጥነው ስለሚዞሩ የእነሱ ድርሻ ይጨምራል። መንኮራኩሩ ግን ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማርሹ ምንም ይሁን ምን ዙረቱ ከመንገዱ ፍጥነት ጋር ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ለመንኮራኩር የ2 ገደብ በየትኛውም ማርሽ አይለወጥም።

አሁን ክፍሎቹን በየተራ እንያቸው። የኋላው ጎማ የውጭ ራዲየስ 34 ሳንቲ ሜትር ነው። የጎማው ጥርሶች ከጫፉ ላይ ስላሉ አንዱ ኪሎ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ካላማዳሪው በ28 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ 28 ሲካፈል ለ34፣ ካሬው 0.68፤ ስለዚህ 1.68 ኪሎ ይቆጠራል። ባለ 18 ኢንች ቸርኬ በ23 ሳንቲ ሜትር ላይ በመሆኑ 1.46። ራጂዎቹ ከሞዞው ጀምረው እስከ ቸርኬው የተዘረጉ ስለሆኑ አማካዩ ተወስዶ 1.18 ገደማ ይመጣል። ኮሮናውና የፍሬኑ ዲስክ ክብደታቸው በ10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ 1.09፤ ሞዞው ደግሞ ከሻንሲው ምንም ያህል አይለይም፣ 1.01 ነው።

ይህ ዝርዝር ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው ብዙ ይናገራል። የራጂዎቹን ብረት በቲታኒየም የለወጠ ሰው 269 ግራም ይቀንሳል፤ በ1.18 ሲባዛ 320 ግራም ገደማ ነው፤ የአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ያህል። የብረት ኮሮናውን አውጥቶ የአሉሚኒየም ያስገባ ሰው ግማሽ ኪሎ ያተርፋል፤ በመንገድ ላይ 550 ግራም ሆኖ ይቆጠርለታል። ነገር ግን የአሉሚኒየም ጥርስ በአቧራና በጭቃ ቶሎ ይበላል። ለሁለት ቀን ውድድር የሚሆን ኮሮና በየሳምንቱ 300 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ የሥራ ሞተር ሳይክል አይሆንም፤ የብረቱ ባለበት ይቆይ እንላለን።

ወደ ካላማዳሪው ክርክር እንመለስ። ልዩነቱ 1.2 ኪሎ፣ በ1.68 ሲባዛ 2 ኪሎ። ሙሉ መጠን ያለው የሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል 110 ኪሎ ገደማ ነው፤ ነጂው 70 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 180 ይሆናል። ወፍራሙን ካላማዳሪ ያስገባ ሰው ሲነሣና ሲፈጥን የሚሸከመው ጭማሪ ሁለት ሊትር ውኃ በጀርባው እንደያዘ ያህል ነው፤ ከመቶ 1.1 ብቻ። እሾህ ባለበት አገር ሁለት ሊትር ውኃ ይከብደኛል ብሎ ቀጭኑን መምረጥ ስሌቱን አለማወቅ ነው።

ታዲያ ለምን ይሰማል?

ይሁን እንጂ ልምድ ያለው ነጂ «ስሌታችሁን ተዉት፤ እኔ ጎማው መክበዱ ይሰማኛል» ቢለን ውሸታም ልንለው አንችልም። የሚሰማው ነገር አለ። ነገር ግን የሚሰማው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሞተር ሳይክሉን በሁለት እንክፈለው። ከሞላውና ከአሞርዛተሩ በላይ ሻንሲው፣ ሞተሩና ነጂው አሉ፤ ከበታች ደግሞ መንኮራኩሩ፣ ፍሬኑና መንኮራኩሩን የያዘው ክንድ የተወሰነ ክፍል ይገኛል። መንኮራኩሩ ድንጋይ ሲያገኝ ወደ ላይ ይዘላል፤ መልሶ ወደ መሬት የሚገፋው ሞላው ነው። ሞላው የሚያነሣውና የሚጥለው ከበታቹ ያለውን ክብደት ብቻ ነው እንጂ 180 ኪሎውን በሙሉ አይደለም። የበታቹ ክፍል 20 ኪሎ ነው እንበል። 1.2 ኪሎ ከ180 ሲነጻጸር ከመቶ 0.67 ነው፤ ከ20 ሲነጻጸር ግን ከመቶ 6 ነው። ዘጠኝ እጥፍ! ምናልባት «አሥር ኪሎ» የሚለው አባባል የተወለደው እዚህ ይሆናል። መንኮራኩሩ በከበደ ቁጥር ከእያንዳንዱ ድንጋይ በኋላ ወደ መሬት ለመመለስ ይዘገያል፤ ከመሬት የተለየ ጎማ ደግሞ አይነዳም፣ ፍሬንም አይዝም። ስለዚህ አባባሉ ለመነሣትና ለመፍጠን ሲነገር ስሕተት ነው፤ በድንጋይ ላይ ስለሚሰማው መንቀጥቀጥ ሲነገር ግን እውነትነት አለው። በዚህኛው ጥያቄ ውስጥ ዙረቱ ስለማይገባ፣ ከሞዞ ላይ የተቀነሰ ኪሎና ከጎማ ላይ የተቀነሰ ኪሎ እኩል መሆናቸውንም ልብ ይሏል።

ሦስተኛ ጥያቄም አለ። የሚዞር መንኮራኩር የዘንጉን አቅጣጫ መለወጥ አይወድም። የብስክሌት መንኮራኩር በዘንጉ በሁለት እጅ ይዞ፣ ሌላ ሰው አዙሮለት ለማዘንበል የሞከረ ተማሪ ይህን በክንዱ ያውቀዋል። የፊት ጎማው ሲከብድ መሪውን ፈጥኖ ወዲያና ወዲህ ማዞር ያዳግታል፤ በአንጻሩ ልቅ አሸዋ ላይ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይረዳል። የሞቶክሮስ ነጂዎች ደግሞ ይህንኑ ዙረት በአየር ላይ ይጠቀሙበታል። ከጉብታ ላይ ተወርውሮ አየር ላይ ሳለ የሞተር ሳይክሉ አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለበት ነዳጅ ይሰጣል፤ የኋላው መንኮራኩር ይፈጥናል፣ ገላው በተቃራኒው ዞሮ አፍንጫው ቀና ይላል። አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ካለ የኋላውን ፍሬን ይይዛል፤ አፍንጫው ይወርዳል። በአየር ላይ የሚደገፉበት ነገር ስለሌለ ጠቅላላው የዙረት መጠን አይለወጥም፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ይወስዳል። እዚህ ላይ ከባድ ጎማ ለነጂው መሣሪያ ነው።

ጭቃውን ማን መዘነው?

ስለ 200 እና 300 ግራም የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት አንድ ነገር አለ። በክረምት በመረሬ አፈር ላይ የሄደን ጎማ እንመልከት። የውጭ ዙሪያው 214 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 11 ሳንቲ ሜትር ነው። በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ቢለጠፍበት 2,350 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የእርጥብ ጭቃን እፍግታ 1.7 ብንይዝ 4 ኪሎ ነው። ይህም ሁሉ ከውጭ ጫፉ ላይ ስላለ እንደ 8 ኪሎ ይቆጠራል። ሁለቱ ካላማዳሪዎች የተለያዩበትን አራት እጥፍ ማለት ነው፤ በቲታኒየም የተረፈው ጠርሙስ ለስላሳማ የት ሄደ! ጥርሶቹ ራቅ ራቅ ብለው የተሠሩ ጎማዎች በጭቃ አገር የሚመረጡት ስለዚህ ነው፤ ጭቃው በመካከላቸው ተጣብቆ አይቀርም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲኬድ በጎማው ጫፍ ላይ ያለው ጭቃ ከራሱ ክብደት 37 እጥፍ የሚሆን ኃይል ካልያዘው በስተቀር ተፈናጥሮ ይሄዳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ጭቃውን ተሸክሞ ይኖራል። ወርዶ በእንጨት መፋቅ ግዴታው ነው።

በተቃራኒውም ይታሰብ። ጥርሶቹ 1 ሳንቲ ሜትር የተበሉ ጎማ ከአዲሱ ይቀላል። ጥርሶቹ ከጎማው ዙሪያ 30 ከመቶውን ይሸፍኑ ቢባል፣ የተበላው ላስቲክ 780 ግራም ያህል ነው፤ በመንገድ ላይ 1 ኪሎ ተኩል ሆኖ ይቆጠራል። ያለቀ ጎማ ቀላል ጎማ ነው! ቅለት ብቻውን ምስጋና የሚገባው ቢሆን ኖሮ ያለቀ ጎማ በውድ በተሸጠ ነበር።

ስለ ሌላ ትንሽ ክብደትም እንናገር። በአሸዋና በጭቃ የጎማ አየር ዝቅ ተደርጎ ስለሚነዳ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ የካላማዳሪውን ቫልቭ ሊበጥስ ይችላል። ይህ እንዳይሆን ጎማውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ የሚይዝ ባለ ብሎን ቁራጭ በቸርኬው አንድ ቦታ ላይ ይገባል። ክብደቱ ወደ 250 ግራም ነው። በሚዛን ላይ ከቁም ነገር የማይገባ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው ያለው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲኬድ መንኮራኩሩ በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በ22 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ላይ ያለው 250 ግራም ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል 235 ኒውተን ይሆናል። ይህ የ24 ኪሎ ክብደት ያህል ነው፤ በሴኮንድ አሥር ጊዜ ወደ ላይም ወደ ታችም ይጎትታል። በአስፋልት ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥበት ነጂ ኩሽኔታ ከመለወጡ በፊት ይህን ይመልከት። መፍትሔው ቁራጩን ማውጣት አይደለም፤ በትይዩው እኩል ክብደት መጨመር ነው። ክብደት ተጨምሮ ጉዞው የሚሻልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

በክፍል ውስጥ

ይህን ሁሉ ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ሁለት እኩል የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ይፈለጉ። የአንዱ ሁለቱም አፎች ተቆርጠው ቀለበት ይሁን፤ ሁለተኛው እርጥብ አፈር ተጠቅጥቆበት ይድረቅ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከተዘነበለ ሰሌዳ ላይ ልቀቋቸው። ከባዱ ጣሳ ይቀድማል። ተማሪዎች «ስለከበደ ነው» ይላሉ፤ እንዲሉ ይተዉ። ከዚያም በግማሽ ያነሰ፣ ነገር ግን እንዲሁ በአፈር የተሞላ ትንሽ ጣሳ ጨምሩ። ትንሹም ከቀለበቱ ይቀድማል፤ ከትልቁም ጋር እኩል ይደርሳል። የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን ክብደቱ ያለበት ቦታ ነው። በስሌት፣ የተሞላው ጣሳ በ2 ሴኮንድ የሚደርስበትን ቀለበቱ በ2.3 ሴኮንድ ይደርሳል። ውኃ የሞላ የታሸገ ጣሳ የጨመረ መምህር ደግሞ አዲስ ጥያቄ ያገኛል፤ ውኃው ከጣሳው ጋር ብዙ ስለማይዞር ያ ጣሳ ሁሉንም ይቀድማቸዋል።

ሁለተኛው ሙከራ እውነተኛ መንኮራኩር ይፈልጋል፤ የሞተር ሳይክል ባይገኝ የብስክሌት ይበቃል። ሐሳቡ የቆየ ነው። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ስለ ፔንዱለም ሰዓት በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1673 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ማንኛውም የተንጠለጠለ አካል የሚወዛወዝበት ጊዜ ክብደቱ እንዴት እንደተሰራጨ እንደሚናገር አሳይቷል። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል በደንብ ይታሰር። መንኮራኩሩ በራጂዎቹ መካከል ገብቶ የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ በስለቱ ላይ ይንጠልጠል። በጥቂቱ ገፋ ተደርጎ ይለቀቅና 20 ሙሉ ውዝዋዜዎች በሰዓት ይቆጠሩ፤ ለ20 ሲካፈል የአንዱ ጊዜ «ጊ» ይገኛል። ከስለቱ እስከ መንኮራኩሩ መሃል ያለው ርቀት በሜትር «ሚ» ይባል። የመንኮራኩሩ ክብደት በአማካይ ከመሃል የራቀበት ርቀት «ዙ» እንዲህ ይገኛል፦

ዙ² = ሚ × (0.248 × ጊ² − ሚ)

0.248 የመጣው የመሬት ስበት ፍጥነት መጨመሪያ፣ 9.78፣ ለ4 ሲባዛ በፓይ ካሬ ተካፍሎ ነው። ለምሳሌ ያህል «ሚ» 0.21 ሜትር፣ 20 ውዝዋዜዎች የወሰዱት ጊዜ 29.6 ሴኮንድ ነው እንበል። «ጊ» 1.48፣ ካሬው 2.19 ነው፤ በ0.248 ሲባዛ 0.543፤ ከዚህ 0.21 ሲቀነስ 0.333፤ በ0.21 ሲባዛ 0.07፤ ሥሩ 0.265 ሜትር። የመንኮራኩሩ የውጭ ራዲየስ 34 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 26.5 ለ34 ተካፍሎ ካሬው 0.61 ነው። ስለዚህ የዚህ መንኮራኩር እያንዳንዱ ኪሎ በመንገድ ላይ 1.61 ኪሎ ሆኖ ይቆጠራል። መንኮራኩሩ በእህል ሚዛን 12 ኪሎ ቢመዝን፣ ለሞተሩ 19.3 ኪሎ ነው።

በዚህ ሙከራ ላይ ሁለት ነገር እንዲጠበቅ እንመክራለን። ውዝዋዜው ትንሽ ይሁን፤ ከአንድ ከጭን ባይበልጥ ይመረጣል። ጎማው ደግሞ ታጥቦ ይድረቅ፤ አለበለዚያ ተማሪዎቹ የሚለኩት ጭቃውን ነው።

ለተማሪዎች የሚሆን ሥራ እነሆ። አንደኛ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካላማዳሪ ለፊት ጎማ ቢገባስ? የክቡ ራዲየስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የቱቦው 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ክብደቱን ፈልጋችሁ የጎማው የውጭ ራዲየስ 34.7 ሲሆን በመንገድ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚቆጠር አስሉ። ሁለተኛ፣ በቸርኬው ላይ የተቆነጠጠው 250 ግራም ቁራጭ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲኬድ የሚጎትትበትን ኃይል ፈልጉና ከ235 ኒውተን ጋር አወዳድሩ። ሦስተኛ፣ ከትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ሄዳችሁ አዲስና ያለቀ አንድ ዓይነት ጎማ መዝኑ፤ ስንት ግራም በመንገድ ላይ እንደቀረ ጻፉ።